ልጄ ራስ ላይ ክብ መላጣ ወጣ፤ ቆረቆር ነው ወይስ ሌላ? የድሬዳዋና የሐረር ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁን

ድሬዳዋ ውስጥ በቆዳ ክፍል እሠራለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ደጋግሜ የምሰማት አንዲት ጥያቄ አለች። "ልጄ ፀጉሩ በአንድ በኩል ተመለጠ፤ ምን ልቀባው?" እኔም የምመልሰው "ለጊዜው ምንም አትቀቡት፤ መጀመሪያ ልየው" ብዬ ነው። ወላጅ ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል። ከሳቢያን ወይም ከገንደ ቆሬ በዚያ ፀሐይ ልጅ ይዞ መጥቶ ቅባት ሳይዝ መመለስ ይከብዳል። ግን በግምት የተቀባ ቅባት ምርመራውን ያበላሽብናል። ልጁንም ለወራት ያንገላታዋል። ስለዚህ የምትጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ክብ ሆኖ ከተመለጠ ቆረቆር ነው ማለት አይደል?

ብዙ ጊዜ ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ቆረቆር ፈንገስ ነው። ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ያደክመዋል፤ ፀጉሩም ተሰብሮ ይወድቃል። በአገራችን የትምህርት ቤት ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ስለሆነ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ሐኪሙም ጭምር።

ችግሩ ሌሎቹ ይረሳሉ። ላሽ አለ፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ የፀጉሩን ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ልጁ ራሱ ሳያውቀው ፀጉሩን የሚነቅልበት ጊዜ አለ። ሹሩባ ተጎትቶ የሚያመጣው አለ። ከተወለደ ጀምሮ የነበረና ማንም ልብ ያላለው መላጣም አለ። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም መላጣ ናቸው። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ለአንዱ የሚሰጠው መድኃኒት ሌላውን የሚያባብስበት ጊዜም አለ።

ቤት ሆኜ በምን ልለየው?

ሙሉ በሙሉ መለየት አትችሉም። ግን ጥሩ ፍንጭ ማግኘት ትችላላችሁ። ልጁን በር ላይ፣ ብርሃን ባለበት አስቀምጡት። ስልካችሁን አውጡና ዙም አድርጋችሁ መላጣውን ፎቶ አንሱት። አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አድርጉ። በየሁለት ሳምንቱ በዚያው ቦታና በዚያው ብርሃን ደግማችሁ ስታነሱ፣ እየሰፋ ይሁን እየጠበበ ሳንቲሟ ትነግራችኋለች።

አሁን ፎቶውን እዩት። ቆዳው ቅርፊት አለው? አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል? ፀጉሩ ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ቀርቷል? ያሳክከዋል? ከማጅራቱ ወይም ከጆሮው ኋላ ስትዳብሱት ንፍፊት አለው? እነዚህ ወደ ቆረቆር ይጠቁማሉ። ቅርፊቱና ንፍፊቱ አንድ ላይ ካሉ ደግሞ ጥርጣሬው ይበረታል።

ቆዳው እንደ እንቁላል ልስልስ ያለ፣ ቅርፊት የሌለው፣ የማያሳክክ ከሆነና ፀጉሩ በቀናት ውስጥ እፍኝ እፍኝ ከወረደ ላሽ ሊሆን ይችላል። የመላጣውን ዳር አስተውሉ። ከላይ ወፍራም ሆነው ከሥራቸው የቀጠኑ፣ ልክ ቃለ አጋኖ የሚመስሉ አጫጭር ፀጉሮች የላሽ ምልክት ናቸው። የልጁን ጥፍርም እዩ። መርፌ የወጋው የሚመስል ጥቃቅን ጎድጓዳ ካለበት ለሐኪሙ ንገሩት።

ዳሩ ያልተስተካከለ፣ ውስጡ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ፀጉር ያለበት ከሆነ መነቀልን አስቡ።

ሐኪም ቤት ሰማያዊ መብራት አብርተው "ፈንገስ የለውም" አሉን። አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። ይሄኛውን በደንብ ያዙልኝ። ያ መብራት አንዳንድ ፈንገሶችን በአረንጓዴ ያበራቸዋል። ከድመትና ከውሻ የሚመጣው ማይክሮስፖረም ካኒስ ከነሱ አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ልጆች ላይ በብዛት የሚገኘው ግን ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያ መብራት አይበራም። እና መብራቱ ካላበራ የምናውቀው የሚበራው ዓይነት አለመኖሩን ብቻ ነው።

ዋናው ምርመራ ቀላል ነው። ከመላጣው ላይ ቅርፊትና የተሰበረ ፀጉር ተፍቆ ይወሰዳል፤ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ይደረግበትና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ፈንገሱ ካለ እዚያው ፀጉሩ ውስጥ ተደርድሮ ይታያል። አያምም፤ ደምም አይፈስም። ዓይነቱን በትክክል ለመለየት ናሙናው እንዲበቅል ይደረጋል። ይህ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል።

ደርሞስኮፕ የሚባል በእጅ የሚያዝ ማጉያ ያለበት ቦታ ከደረሳችሁ ብዙ ነገር እዚያው ይለያል። እንደ እንግሊዝኛው ነጠላ ሰረዝ (,) የታጠፈ ወይም እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዘ ፀጉር ከታየ ቆረቆር ነው። ቃለ አጋኖ ከታየ ወደ ላሽ እናስባለን። ከቆዳ ቆንጥሮ መውሰድ የሚያስፈልገው ጥቂት ልጆች ላይ ብቻ ነው፤ በተለይ ጠባሳ እየጣለ የሚሄድ መላጣ ሲያጋጥም።

ቆረቆር ነው ተባልን። ታዲያ ቅባት ለምን አይበቃም?

ፈንገሱ ያለው ፀጉሩ ውስጥ ስለሆነ ነው። ቅባት እዚያ አይደርስም። ጭርት ክንድ ላይ ሲወጣ በቅባት ይድናል፤ ራስ ላይ ሲሆን ግን የሚዋጥ መድኃኒት የግድ ነው። በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ግሪሲዮፉልቪን ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፤ አንዳንዴም ይረዝማል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። በባዶ ሆድ ወይም በሻይ ብቻ አትስጡት። በወተት ስጡት፤ ከአቮካዶ ጋር ስጡት፤ የባቢሌ ለውዝ ተፈጭቶ ዳቦ ላይ ተቀብቶም ይሆናል።

ሌላው ተርቢናፊን ነው። ለትራይኮፋይተን ጥሩ ይሠራል፤ ጊዜውም ያጥራል። ክኒኑ 250 ሚሊግራም ስለሆነ ለትንሽ ልጅ ይቆረጣል። ሩብ ይሁን ግማሽ የሚለውን ልጁን መዝኖ ሐኪሙ ይወስን። ለጎረቤት ልጅ የታዘዘውን ለራሳችሁ ልጅ አትስጡ።

ኬቶኮናዞል ክኒን ግን አደራ። በፈረንጆቹ 2013 በጉበት ጉዳት ምክንያት አሜሪካ አጠቃቀሙን በጥብቅ ገደበች፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ከገበያ እንዲነሳ መከረ። ለልጅ ቆረቆር የምንመርጠው መድኃኒት አይደለም። የኬቶኮናዞል ሻምፑ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ከውጭ የሚቀባ ስለሆነ አያሳስብም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ራሱን እጠቡት፣ አምስት ደቂቃ ያህል አቆዩትና አለቅልቁት። ብቻውን አያድንም፤ ልጁ ወደ ሌሎች እንዳያስተላልፍ ግን ይረዳል። እህትና ወንድሞቹም ቢታጠቡበት ጥሩ ነው። መላጣ ሳይታይባቸው ፈንገሱን ይዘው የሚዞሩ የቤት ልጆች አሉና።

አንድ ነገር ልጨምር። ግሪሲዮፉልቪን ከመምጣቱ በፊት፣ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆቹ፣ በብዙ አገሮች ቆረቆር የሚታከመው የልጁን ፀጉር በኤክስሬይ በማርገፍ ነበር። ከነዚያ ልጆች መካከል ካደጉ በኋላ የታይሮይድ ካንሰርና የአንጎል ዕጢ የያዛቸው ከሌላው ሰው በዝተው ተገኙ። "ስምንት ሳምንት ክኒን በዛ" የሚለኝ ወላጅ ሲገጥመኝ ይህንን እነግረዋለሁ።

መድኃኒቱን ከጀመረ በሳምንቱ ሰውነቱ ሽፍ አለ። ላቁም?

ሳትጠይቁ አታቁሙ። ፈንገሱ ሲሞት ሰውነት ይቆጣል፤ ያኔ ፊት፣ አንገትና ጀርባ ላይ የሚያሳክኩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ሊወጡ ይችላሉ። የመድኃኒት አለርጂ መስሏቸው አቁመው የተመለሱ ብዙ ናቸው፤ ሕክምናው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ትኩሳት ካለው፣ ከንፈሩ ወይም ዓይኑ ካበጠ፣ አፉ ውስጥ ከቆሰለ ግን ያ ሌላ ነው። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ራሱ ላይ አብጦ መግል ይዟል። ለምን አይበጣም?

እባካችሁ አታስበጡት።

ይህ ኬሪየን ይባላል። ልጁ ራስ ላይ ትልቅ፣ ሲነኩት ለስለስ የሚል እብጠት ይወጣል። መግል ያንጠባጥባል፤ ፀጉሩ ሲነካ ተነቅሎ ይመጣል። ልጁ ትኩሳት ይኖረዋል፤ ማጅራቱ ያብጣል። ላየው ሰው እባጭ ነው የሚመስለው። ግን እባጭ አይደለም። ሰውነት ፈንገሱን ሲዋጋ ያመጣው ቁጣ ነው። ቢበጣ የሚወጣ ብዙ ነገር የለውም። የሚተርፈው ጠባሳ ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቱ ሳለ እንዲህ አበጠበት። እኔ ያኔ ለትምህርት ሌላ ከተማ ነበርኩ። እህቴ አንድ ቦታ ወሰደችው። በጡት፣ ጠቀጠቁት፣ አንቲባዮቲክ ሰጥተው ሰደዷቸው። በሳምንቱ ብሶበት ተመለሰ። አሁንም በጡት። ፈንገስ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔ ስደርስ እብጠቱ የእጄን መዳፍ ግማሽ ያክል ነበር። ግሪሲዮፉልቪን ተጀምሮለት በሁለት ወር ውስጥ እብጠቱ ሄደ። የተበጣው ቦታ ግን ፀጉር አላበቀለም። ዛሬ ጎረምሳ ነው። ፀጉር ቤት ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚላት ቃል "ከኋላ አታሳጥረው" ናት። ያቺን ቃል በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል።

ስለዚህ ልጃችሁ ራስ ላይ መግል የያዘ እብጠት ካያችሁ "ፈንገስ ሊሆን ይችላል ወይ?" ብላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ አይቆጣችሁም። ባክቴሪያም ከተደረበ አንቲባዮቲክ ሊጨመር ይችላል፤ ግን ዋናው መድኃኒት የፈንገሱ ነው። ቶሎ ከተጀመረ ፀጉሩ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ከዘገየ ጠባሳው ይቀራል።

ላሽ ከምን ይመጣል? የሰው ዓይን ነው ይሉናል።

የሰው ዓይን አይደለም። በረሮም አልበላውም። እናትየው ስላላጠበችውም አይደለም። የሰውነት መከላከያ የፀጉሩን ሥር እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃዋል፤ በቃ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዘር የመሄድ ዝንባሌ አለው። በቤተሰቡ ውስጥ ለምፅ ወይም የታይሮይድ ሕመም ያለባቸው፣ ራሳቸው ችፌ ወይም አስም ያለባቸው፣ እንዲሁም ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ላይ በብዛት ይታያል። በአጠቃላይ ከመቶ ሰው ሁለቱን ያህል በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይነካዋል።

"ደም ይታይ?" የሚሉ አሉ። ልጁ ደህና ከሆነና የታይሮይድ ምልክት ከሌለው ሁሉንም ደም መመርመር አያስፈልግም። እንደ ባዮቲን ያሉ ቫይታሚኖችም፣ እጥረት ካልኖረ፣ የላሽን ፀጉር አይመልሱም። ባዮቲን ይባስ ብሎ የታይሮይድ የደም ምርመራን ሊያሳስት ይችላል። እየሰጣችሁት ከሆነ ደም ከመቀዳቱ በፊት ተናገሩ።

ታዲያ ፀጉሩ ይመለሳል?

አንድ ሁለት ትንንሽ መላጣ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒትም ያበቅላል። መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ሲመጣ አትደንግጡ፤ በኋላ ይጠቁራል። ተመልሶም ሊመጣ እንደሚችል ግን ከአሁኑ እወቁት። ይህን ቀድሜ ካልነገርኳችሁ ሁለተኛው ሲመጣ ተስፋ ትቆርጣላችሁ።

የሚያስቸግረው ሌላ ዓይነት ነው። ከማጅራት ተነስቶ በጆሮዎቹ በላይ እንደ መቀነት የሚዞር ላሽ ቶሎ አይመለስም። በጣም በሕፃንነት የጀመረ፣ ጥፍርን የነካ፣ ሙሉ ራሱን ወይም ቅንድቡን ጭምር የወሰደም እንዲሁ። እንዲህ ዓይነቱን ልጅ የቆዳ ሐኪም ቢከታተለው ይሻላል።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ በጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ይጀመራል፤ እንደ ክሎቤታሶል ያለ። በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰነ ጊዜ። ትልልቆቹ ልጆች ላይ መላጣው ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ትራያምሲኖሎን ይወጋል፤ ስለሚያም ለትንንሾቹ አንመርጠውም። አዳዲስ ክኒኖችም መጥተዋል። በ2022 ባሪሲቲኒብ ለአዋቂዎች፣ በ2023 ደግሞ ሪትለሲቲኒብ ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉት አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል፤ ሁለቱም በፈረንጆቹ ዓመት ነው። ላሽ ለበዛባቸው የታሰቡ ናቸው፤ ጥብቅ ክትትልም ይፈልጋሉ። ኢንተርኔት ላይ አይታችሁ በሰው በኩል አታስመጡ።

ያው የስቴሮይድ ቅባት ቆረቆር ላይ ቢቀባስ? ማሳከኩንና መቅላቱን ያበርደዋል፤ የዳነ ይመስላል። ፈንገሱ ግን ከሥር ይሰፋል። መጀመሪያ ይመርመር የምለው ለዚህ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ መድኃኒት ስንሰጣት ምንም አልተለወጠም። ምን ይሆን?

አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ከሐረር ይዘዋት መጡ። ከግንባሯ በስተግራ፣ ከጆሮዋ ከፍ ብሎ፣ ጫፉ ወደ ላይ የሾለ መላጣ አላት። ሦስት ጊዜ ሙሉ የቆረቆር ክኒን ወስዳለች። ለላሽም ተብሎ ቅባት ተቀብታለች። አልሰፋም፤ አልጠበበም።

ጠጋ ብዬ በማጉያ አየኋት። ቅርፊት የለም። ቃለ አጋኖ የለም። ቆዳው ባዶ አይደለም፤ እንደ ኮክ ፍሬ ላይ ያለ ስስ ጸጉር አለበት። እናትየውን "የድሮ ፎቶ አላት?" አልኳት። ስልኳን ስታገላብጥ ቆየችና ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ሳለ ለዒድ የተነሳችው ተገኘ። አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯ ወደ ኋላ ተይዟል። ያቺው መላጣ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ። እናትየው ስልኩን ይዛ ዝም አለች። ከዚያ "አቦ፣ ይሄን ሁሉ ክኒን!" አለች።

ይህ በጎን ያለ ሦስት ማዕዘን መላጣ ነው። አብሮ የሚፈጠር ነው፤ ሰው የሚያስተውለው ግን የሌላው ፀጉር ሲደነድን፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 9 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በሽታ አይደለም፤ አይሰፋም፤ አያሳምምም። ዕድሜ ልክ እንዳለ ይቆያል። መድኃኒት አያስፈልገውም። ካደገች በኋላ ካስጠላት በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ወይም ፀጉር ማስተከል ይቻላል። ፀጉሯን ወደዚያ በኩል ማበጠርም ይሸፍነዋል።

ከተወለደ ጀምሮ ያለ መላጣ ሁሉ እንዲህ ነው?

ሁሉም አይደለም። ሕፃኑ ሁለት ሦስት ወር ሲሆነው ከኋላ በኩል የሚመለጠው የተፈጥሮ ነው፤ ራሱ ይበቅላል።

ቢጫ ነገር ያለው፣ ገጹ ሻከር ያለና ፀጉር የማያበቅል ጠፍጣፋ ምልክት ካለው የቅባት ዕጢ ምልክት ሊሆን ይችላል። ወደ ጉርምስና ሲደርስ ይወፍራል። አያስቸኩልም፤ ግን አንዴ ይታይ።

የሚያስቸኩለው ሌላው ነው። አንዳንድ ሕፃን አናቱ ላይ ቆዳ ሳይሠራለት ይወለዳል። ቁስል ወይም እንደ ወረቀት የሳሳ ጠባሳ ይመስላል። ዙሪያውን ጠቆር ያለ ረጅም ፀጉር እንደ ቀለበት ከከበበው፣ ከሥሩ ከአንጎል ጋር የሚያገናኝ ነገር ሊኖር ስለሚችል ምስል መነሳት አለበት። አትጫኑት፤ ማንም መርፌ እንዳያስገባበት።

ግንባሩ ላይ ተነስቶ ወደ ፀጉሩ የሚገባ፣ የጎራዴ ምት የሚመስል ቀጥ ያለ ጎድጓዳ መስመር ካያችሁም ቶሎ የቆዳ ሐኪም ይየው። ቆዳን የሚያደርቅ ሕመም ነው፤ ወደ ዓይንና ወደ ውስጥ ሊዘልቅ ይችላል።

ልጄ ራሷ እየነቀለችው ይሆን? ብጠይቃት "እኔ አይደለሁም" ትላለች።

ሊሆን ይችላል፤ እየዋሸቻችሁም ላይሆን ይችላል። ብዙ ልጆች ሲያጠኑ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ እንቅልፍ ሲወስዳቸው እጃቸው ሳያስቡት ይሄዳል። ትራስ ላይ ወይም ከአልጋው ሥር የተነቀለ ፀጉር ፈልጉ። አትምቷት፤ እጇን በርበሬ አትቀቧት። ከአምስት ዓመት በታች ከሆነች አውራ ጣት እንደ መጥባት ያለ ልማድ ሆኖ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ከፍ ካለች ግን ምን እንዳስጨነቃት በቀስታ አነጋግሯት። ቤት መቀየር፣ አዲስ ሕፃን መወለድ፣ ትምህርት ቤት የሚያስፈራራት ልጅ መኖር ሊሆን ይችላል። እጇ ወደ ፀጉሯ ሲሄድ ሌላ የሚጨበጥ ነገር ስጧት። የሥነ ልቦና ባለሙያ ካገኛችሁ ልማዱን የማስተው ዘዴ አላቸው።

የነቀለችውን የምትውጥ ከሆነ ንገሩን። ፀጉር ጨጓራ ውስጥ ተጠቅልሎ ይከማቻል። ሆዷን የሚያማት፣ የሚያስመልሳት፣ የምግብ ፍላጎቷ የጠፋ ከሆነ አትቆዩ።

ሹሩባው ነው እንዴ?

ከግንባሯና ከጆሮዋ ዳር ከሳሳ አዎ፣ ሊሆን ይችላል። በተለይ ጠብቆ የተሠራ፣ ዊግ የተቀጠለበት፣ ወይም ሻሽ ከሥሩ ጥርቅም ተደርጎ የሚታሰር ከሆነ። ሲሠራ ካመማት ጠብቋል ማለት ነው። ሥሩ ላይ ጥቃቅን ብጉር ከወጣ ፍቱት። በጊዜ ከላላ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከተጎተተ ግን አይመለስም። ሻሹን ማውለቅ አያስፈልግም፤ ውስጡን ማላላት ይበቃል።

ላምባ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሂናስ?

ላምባ ራስ ላይ አይፈሰስም። ያቃጥላል፣ በእሳት ይያያዛል፣ ልጁ ከቀመሰው ሳንባውን ይጎዳል። ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ሲታሰርበት ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ መላጣው ላይ ቁስል ተጨምሮ የመጣ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ንጹሕ ሂና አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም፤ ምንም አያድንም ብቻ። "ጥቁር ሂና" የሚባለው ግን የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይቀላቀልበታል፤ ለልጅ አይሆንም። ምላጭም ፀጉር አያበዛም። የግድ የምትላጩ ከሆነ በአዲስ ምላጭ፤ የጋራ ምላጭና ያልጸዳ የፀጉር ማሽን ቆረቆርን ያዛምታሉ።

ትምህርት ቤት ይቅር? ልጆቹስ ቢሰድቡት?

ቆረቆር ከሆነ መድኃኒቱን እንደጀመረ ይሂድ፤ ማበጠሪያና ኮፍያ ግን አይጋራ። ላሽ ከሆነ አንድ ቀን እንኳ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ስድቡ ግን እውነት ነው፤ ይጎዳል። "ላጮ" እየተባለ የዋለ ልጅ ማታ ምግብ ይዘጋዋል። አስተማሪዋን አነጋግሩ። "የሚተላለፍ አይደለም" የሚል አጭር ማስረጃ ከሐኪሙ አስጽፉ። ኮፍያ ወይም ሻሽ እንዲፈቀድለት ጠይቁ። ለልጁ ደግሞ የሚመልሳትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቤት አለማምዱት፦ "ፀጉሬ ለጊዜው ወድቋል፤ አይጋባም።" መልሱ አፉ ላይ ዝግጁ የሆነ ልጅ ብዙም አይደነግጥም።

የት ልውሰደው? ምንስ ይዤ ልሂድ?

የጤና መድህን ደብተር ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ሪፈር ካልተጻፈላችሁ መድህኑ አይሸፍንም። ከዚያ ድሬ ያላችሁ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል፣ ሐረር ያላችሁ ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደ ጁገል ሆስፒታል ልትላኩ ትችላላችሁ። ከሐረር ብዙም ሳይርቅ ቢሲዲሞ ሆስፒታል አለ፤ ለሥጋ ደዌ የተቋቋመ ስለሆነ በቆዳ ሕመም የቆየ ስም አለው። የቆዳ ሐኪም የሚገኝበትን ቀን አስቀድማችሁ አስጠይቁ። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሳያገኙ መመለስ ያሳዝናል።

በዚያ ቀን ጠዋት ራሱን ቅባትም ቅቤም አትቀቡት፤ ናሙና መውሰድ ያስቸግራል። እስካሁን የተቀባውንና የዋጠውን ሁሉ፣ ያለቀውን ቱቦ ሳይቀር፣ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። የእህትና የወንድሞቹንም ራስ እንየው። የልጁን የሕፃንነት ፎቶ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ከመምጣታችሁ በፊት ፈልጉት።